ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ይቀመጣል? ሀዋሳ ላይ የቤተሰብ መኪና ስንመርጥ ያየነው

ለቤተሰብ የሚበቃ መኪና የምትፈልጉ ሁሉ፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት እቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ይቀመጣል? መልሱ በስም ይሁን። «ልጆቹ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው ልጅ? ጉልበቱ የት ይደርሳል? ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሰዋል? ቀበቶውን ራሱ ያስራል ወይስ የሚያስርለት ሰው ይፈልጋል? እኛ መኪና ስናፈላልግ በከረምንባቸው ወራት ከቀለሙም ከሞዴሉም፣ አንዳንዴም ከዋጋው ይልቅ ምርጫችንን የመራው ይህ ጥያቄ ነው። ያየነውን የማሰፍረው በእኛ ሁኔታ ላይ ያለ ሌላ ቤተሰብ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲጠቀምበት ብዬ ነው።

የምንኖረው ሀዋሳ ነው፤ ሰባት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ የ12 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ ገና መራመድ የጀመረችው ትንሿ፣ ከአለታ ወንዶ መጥተው አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ እንዲሁም ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የባለቤቴ ታናሽ እህት። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ ሀገር ብርቅ አይደለም። ሰባት መቀመጫ ያላቸው ትንንሽ መኪኖች ግን ሲሠሩ የመጨረሻው ረድፍ የታሰበው አልፎ አልፎ ለሚሳፈር ልጅ ነው። በየቀኑ ሦስት ትውልድ አብሮ የሚጓዝበት ቤት ለዚያ ረድፍ የሚሰጠው ቦታ ከዚህ ይለያል፤ ስለዚህ የሻጭ ማስታወቂያ ላይ «7 ሰው» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ መወሰን አይቻልም።

ከዚህ በፊት የነበረችን ትንሿ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ከሞቢል ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሐይቁ ዳር ለሚመላለስ ሰው ከእርሷ የሚሻል ቆጣቢ መኪና ማግኘት ይከብዳል፤ ዛሬም ለትንሽ ቤተሰብ እመክራታለሁ። ትንሿ ስትወለድና አማቴ አብረውን መኖር ሲጀምሩ ግን ወይ ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይ ግማሹን ቤተሰብ በባጃጅ ማስከተል የግድ ሆነ። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ ደግሞ ከሻሸመኔም ከይርጋለምም ዘመድ ይመጣል፤ ከተማው ይሞላል፣ ቤቱም ይሞላል፣ መኪናው ግን ያው አምስት መቀመጫ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሰጡት የተለመደ መፍትሔ አለ፤ «ሕፃኗን ያቀፏት» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ አልለዝብም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ከቆመ ነገር ጋር ቢጋጭ፣ በእቅፍ ያለች ልጅ ወደ ፊት የምትወረወርበት ኃይል የክብደቷን ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 10 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ለአንድ ቅጽበት ወደ 300 ኪሎ ትሆናለች ማለት ነው። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የእናት ፍቅርም ቢሆን አይይዘውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አቃፊዋና ሕፃኗ በአንድ ቀበቶ ሲታሰሩ ነው፤ በግጭት ጊዜ የአዋቂዋ ክብደት ሕፃኗን ከቀበቶው ጋር ያጣብቃታል። ስለዚህ መኪና ስትመርጡ ሕፃንን እንደ አንድ ሙሉ ሰው፣ እንዲያውም ከአዋቂ የበለጠ ቦታ እንደሚይዝ ሰው ቁጠሩ። የሕፃን መቀመጫ በስፋቱ ከአንድ አዋቂ አያንስም።

ገበያው እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት በነዳጅ የሚሠራ ባለ ሰባት መቀመጫ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ሀገር ውስጥ ከቆዩት መኪኖች መካከል ነው። ያ ማለት ደግሞ የእያንዳንዱ መኪና ያለፈ ኑሮ ከሞዴሉ እኩል ይመዘናል ማለት ነው። ይህን ከታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ዓይናችን የሄደው ትልልቆቹ ላይ ነበር። ዶልፊን የሚባለው የቶዮታ ሃይስ ቦታው ሰፊ ነው፤ ከሰባት በላይ ሰው ከነሻንጣው ይይዛል። ለእኛ ያልሆነበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ያየናቸው ሁሉ ለዓመታት ሕዝብ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ብዙዎቹ ቀበቶ የላቸውም፣ የታጠፈ ተደራቢ ወንበር የተጨመረባቸውም አሉ። ቀበቶ ለሌለው ወንበር ልጅ አልሰጥም። የድሮው ባለ ረጅም አካል ላንድ ክሩዘርም ጥንካሬው የሚያጠያይቅ አይደለም፤ ከኋላ ያሉት ግን በጎን ትይዩ የሚያስቀምጡ አግዳሚዎች ናቸው፣ በጎን የተቀመጠን ልጅ ደግሞ በግጭት ጊዜ በደንብ የሚይዝ ነገር የለም። ፕራዶ ሁሉንም ያሟላል፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ስለነበር ተውነው። ራቫ ፎር ጥሩ መኪና ነው፣ ግን እዚህ የሚገኙት አብዛኞቹ አምስት መቀመጫ ናቸው፤ ስለዚህ ከቪትዝ ወደ እርሱ መዞር ችግራችንን ከፍ ባለ ዋጋ ይዞ መቀጠል ይሆን ነበር።

በመጨረሻ ፊታችን ላይ ሦስት ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች ቀሩ፦ ቶዮታ አቫንዛ፣ ቶዮታ ረሽ እና ሱዙኪ ኤርቲጋ። ሦስቱም ሰባት መቀመጫ አላቸው፤ አብዛኞቹም 1.5 ሊትር ሞተር ይዘዋል። ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ቤተሰብ ሲጫንባቸው ግን በጣም ይለያያሉ።

ረሽ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለተኛው ትውልድ አቫንዛ 20፣ ኤርቲጋ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ወደ ገጠር ለሚመላለስ ሰው ይህ ቁጥር ብቻውን ረሽን ያስመርጣል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤርቲጋ 2 ሜትር ከ74፣ ረሽ 2 ሜትር ከ68.5፣ አቫንዛ 2 ሜትር ከ65.5 ገደማ። ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጉልበት ግን ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ልዩነት ደግሞ የሚጎትተው ጎማ ነው። ረሽና ይህኛው አቫንዛ የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው፤ ኤርቲጋ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። ሰባት ሰው ሲሳፈር ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ በጠጠር ዳገት ላይ የኋላ ጎማው መሬቱን የበለጠ ይጨብጣል። በፊት ጎማ የሚሳበው ግን እዚያው ዳገት ላይ ፊቱ ቀለል ስለሚል ሊንሸራተት ይችላል። በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ይህ ልዩነት አይታወቅም፤ ሐምሌ ላይ ጭቃ የሆነ ዳገት ላይ ይታወቃል።

ቁጥሮቹን ከያዝን በኋላ መኪኖቹን ለማየት የሄድነው ሰባታችንም ነው። ይህን ሁላችሁም እንድታደርጉት አጥብቄ እለምናለሁ። ሻጮች ለአንድ መኪና ይህን ያህል ሕዝብ ሲመጣ አይወዱም፤ አንዱም «መኪናውን ልትገዙ ነው ወይስ ሠርግ ልትሄዱበት?» ብሎናል። ግድ የለም። የሕፃኗን መቀመጫና የልብስ መለኪያ ሜትር ይዘን ሄድን፣ የአማቴንም ከዘራ አልተውንም።

አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለእርሳቸው ዋናው ነገር የመቀመጫው ከፍታ ነበር። ረሽ ላይ ሲወጡ እጄን ይዘው ራሳቸውን ወደ ላይ መሳብ ነበረባቸው፤ ኤርቲጋ ላይ ግን ዞር ብለው በቀላሉ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አስገቡ። «ልጄ፣ ይኼኛው ወንበር ራሱ ና ይላል» አሉኝ። ለአረጋዊ ሰው የሚመቸው ወንበር በቆሙበት ከዳሌያቸው ጋር የሚስተካከለው ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ሲነሡ ያስቸግራቸዋል፣ ከፍ ያለ ሲወጡ ያስቸግራቸዋል። ይህን በማንም መግለጫ ወረቀት ላይ አታገኙትም፤ ሰውየውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ማየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ትልቋ ልጃችንና የባለቤቴ እህት ነበሩ። በረሽ የባለቤቴ እህት ጉልበት የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነካ፤ ወለሉ ከፍ ስለሚል ደግሞ ጭኗ ወንበሩን አይነካም፣ ሁሉም ክብደቷ ዳሌዋ ላይ ያርፋል። እንዲህ ተቀምጦ ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ቅጣት ነው። በኤርቲጋ ሁለተኛው ረድፍ ወደ ፊት ጥቂት ሲሳብ ሁሉም እኩል ቦታ አገኘ። ሰፊ አልነበረም፤ የሚቻል ነበር። አንድ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ በሩ ተዘግቶ ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ወዲያው ከወጣ ሁሉም መኪና ሰፊ ይመስለዋል። አየር ማቀዝቀዣው እዚያ መድረሱንም ራሳችሁ ኋላ ተቀምጣችሁ አረጋግጡ። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ባለው ሜዳ ላይ በበጋ ቀትር የመጨረሻው ረድፍ ከመስተዋቱ ሥር ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይሞቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ። በእነዚህ መኪኖች ሁሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚገባው የሁለተኛውን ረድፍ ወንበር አጥፎ ወይም ገፍቶ ነው። የሕፃን መቀመጫ በቀበቶ የታሰረበት ወንበር ግን አይታጠፍም። የሕፃኗን መቀመጫ በቀኝ በኩል ብታስሩት፣ ሰው ከእግረኛ መንገዱ በኩል ገብቶ ወደ ኋላ የሚያልፍበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያላችሁ አማራጭ ልጆቻችሁን በግራ በር፣ መኪናና ባጃጅ በሚተላለፍበት በኩል ማስወጣት ነው። ስለዚህ የሕፃኑ መቀመጫ በግራ ይታሰር፤ የቀኙ ወንበር ሁልጊዜ የሚታጠፍ ሆኖ ይቅር። ሁለተኛው ረድፍ ለሁለት ሲከፈል ሰፊው ክፍል በየትኛው በኩል እንደሆነ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የሕፃኑን መቀመጫ ሳታስሩ ወደ ኋላ ማለፊያው ክፍት መቅረቱን በትክክል ማወቅ አትችሉም። የእኛን መቀመጫ በእያንዳንዱ መኪና ላይ አስረን ነው ያየነው።

ዕቃውስ? ሰባቱም ሲሳፈሩ በእነዚህ መኪኖች ከኋላ የሚቀረው ቦታ አንድ መካከለኛ ሻንጣ ወይም ሁለት የትምህርት ቤት ቦርሳ ቢይዝ ነው። ወደ አለታ ወንዶ ስንሄድ ቀላል ነው፤ ስኳር፣ ዘይትና የልጆች ልብስ ይዘን እንሄዳለን። መልሱ ላይ ነው ነገሩ። ለፍቼ ጨምበላላ ወይም ለፋሲካ ዘመድ ቤት ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ማን አለ? ቆጮው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ቡናው በማዳበሪያ ይመጣል፣ አቦካዶው ይመጣል፣ ቅቤው ይመጣል፤ «አይበቃም፣ ቦታ የለንም» ማለት ደግሞ አይቻልም። የሚመለሰው ጭነት ከሄደው ይከብዳል። ለዚህ መፍትሔ ያገኘነው ጣሪያው ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ ነው፤ ግን ሕግ አለን። ላይ የሚወጣው ሰፊና ቀላል ነገር ብቻ ነው፦ ብርድ ልብስ፣ ልብስ የያዘ ሻንጣ። ቡናውና ሌላው ከባድ ነገር በሙሉ ወለል ላይ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ወንበር እግር ሥር ይቀመጣል። ጣሪያ ላይ ከባድ ነገር የጫነ ረጅም መኪና በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል። ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ የሚቀመጥ ዕቃም ከወንበሩ ጀርባ በላይ መቆለል የለበትም፤ ፍሬን ሲያዝ የሚበርረው የልጆቹ አንገት ላይ ነው።

ጭነቱን በኪሎ አስቡት። አራት አዋቂዎች በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝኑ 260 ነው። ሦስቱ ልጆች አንድ ላይ ወደ 80 ኪሎ። ዕቃ 60 ኪሎ ቢጨመር 400 ደረሰ። ይህን ይዞ መኪናው ከኋላ ይሰምጣል፤ በወረቀት ላይ ያየነው የ18 ወይም የ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚነገረው ባዶውን ሲቆም እንጂ እንዲህ ተጭኖ አይደለም። ስለዚህ የሙከራ ጉዞውን ባዶ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። እኛ ሁላችንም ተሳፍረን በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ፣ ከዚያም በከተማው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ቀስ ብለን አለፍን፤ አንደኛው መኪና ከሥሩ ሲፋቅ ሰማን። አሞርዛተሩ ያለቀ መኪና ባዶውን ሲሄድ አያስታውቅም፤ ሰባት ሰው ሲሳፈርበት ጉብታውን ካለፈ በኋላም መወዛወዙን አያቆምም። መካኒካችን አንድ ላይ ተሳፍሮ ነበርና በዚያው ቅጽበት ለየው።

የሞተሩ ነገር ደግሞ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ ምክንያቱም አየሩ ሲሳሳ የሚቃጠለውም ነዳጅ ይቀንሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው 1.5 ሊትር ሞተር እኛ ዘንድ የሚሰጠው ወደ 85 ነው፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ከዚያም ያንሳል። ሙሉ ቤተሰብ ጭኖ፣ ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ ከቱላ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ ሆኖ መቅደም ለዚህ ሞተር ከባድ ሥራ ነው። ይህ መኪናውን አይጥለውም፤ አነዳዱን ግን ይቀይረዋል። ከቪትዝ የመጣ ሰው ቶሎ ለመቅደም መልመዱን መተው አለበት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ፍሬኑ ነው። ከ400 ኪሎ ጭነት ጋር ፍሬን እየረገጡ ብቻ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፣ የጋለ ሸራ አይዝም። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምክር ነው፤ ለሰባት ሰው መኪናም ይሠራል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ በእጅ መያዝ ይችል እንደሆነ ስትገዙ እዩ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም፣ ምክንያቱም ዛሬ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው መንገዱ እርሱ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጓቸው ስለነበር እኛ ስናይ ዋጋቸው ከመጠናቸው አንጻር ተመጣጣኝ ነበር። ለቻይና ገበያ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 6 ሰባት መቀመጫ ያለው ዓይነት አለው፤ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ወደ 3 ሜትር ስለሚጠጋ ሦስተኛው ረድፉ ላይ አዋቂ ይቀመጣል። ስንቀመጥበት ሁላችንም ወደድነው። የነዳጅ ወረፋ የለበትም፤ ድምፁ ልጅ አይቀሰቅስም፤ ሞተሩም አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም።

እኛን ያስቀረን የምንኖርበት ቤት ነው። የምንኖረው በኪራይ ነው፣ ቆጣሪያችን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የጋራ ነው። ትልቁ ባትሪው ወደ 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ በ2 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ባዶውን ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በ32 አምፔር መስመር፣ በ7 ኪሎ ዋት፣ ግን ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይደርሳል። ለዚያ ራሱን የቻለ መስመር፣ በቂ ውፍረት ያለው ሽቦና ጥሩ የመሬት ግንኙነት ያስፈልጋል፤ የተከራየ ሰው ደግሞ የሰው ግድግዳ መቆፈር አይችልም። የራሱ ቤትና የራሱ ቆጣሪ ያለው ጎረቤታችን ገዝቶ ደስተኛ ነው። እንደ እርሱ ከሆናችሁ ከነዳጁ በፊት ይህን እዩ። የቻይና መኪኖች የመሙያ ሶኬታቸው ከአውሮፓዎቹ የተለየ ስለሆነ፣ በከተማችሁና በምትሄዱበት መንገድ ያለው መሙያ ለእናንተ መኪና የሚሆን መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እኛ የመረጥነው ኤርቲጋን ነው። በከፍታው ከሦስቱ የመጨረሻው መሆኑን እያወቅን ነው። አብዛኛው ኑሯችን ሀዋሳ ውስጥ ነው፣ ወደ አለታ ወንዶ የሚወስደውም ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ዘመድ ቤት የሚያስገባው ቁራጭ መንገድ በክረምት ከጨቀየ ወንዶቹ ወርደን በእግራችን እንሄዳለን። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያጋጥም ጭቃ ብለን በየቀኑ ሰው የሚጨናነቅበትን መኪና መግዛት አልፈለግንም። የእናንተ ኑሮ ከአስፋልት ርቆ ከሆነ ሚዛኑ ሌላ ነው፤ ያኔ ረሽ ወይም አቫንዛ የተሻለ መልስ ሊሆን ይችላል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትንንሽ ልጆች ብቻ እስከተቀመጡ ድረስ።

አቀማመጣችን እንዲህ ነው። አማቴ ከፊት ከሾፌሩ ጎን፤ ለጉልበታቸው ቦታ የሚገኘው እዚያ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በግራ ሕፃኗ፣ መካከል እናቷ፣ በቀኝ ወንድ ልጃችን። እርሱ መንገድ ስለሚያስመልሰው ወደ ኋላ አይሄድም፤ ሦስተኛው ረድፍ ከኋላ ጎማው በላይ ስለሆነ መወዛወዙ ይብሳል። ትልቋና አክስቷ ከኋላ ናቸው፣ ቀበቶአቸውን ራሳቸው ያስራሉ፣ የራስ መደገፊያውን ከፍ ማድረግ አይረሱም። የሦስተኛው ረድፍ ራስ ከኋላ መስተዋቱ ብዙም ስለማይርቅ መደገፊያው ለጌጥ አይደለም። ትልቋ በቁመት እየተመዘዘች ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከወንድሟ ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ ብለን አስበናል፣ ያኔ እርሱም ቢሆን መንገዱን ይለምደዋል።

ያገለገለ ባለ ሰባት መቀመጫ ስትገዙ ከተለመደው ምርመራ በላይ የምታዩአቸው ነገሮች አሉ። በታክሲ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ መኪኖች ለዕቃ ሲባል ሦስተኛው ረድፋቸው ወጥቶ ኋላ ለሽያጭ ሲሉ የተመለሰ ነው፤ የወንበሩ ብሎኖች የዛጉ ወይም ልዩ ልዩ መሆናቸውን፣ ቀበቶው እስከ መጨረሻ ተስቦ ሲለቀቅ በራሱ መመለሱን፣ ድንገት ሲጎተት መያዙን እዩ። የሁለተኛው ረድፍ መካከለኛ ቀበቶ በትከሻ የሚያልፍ ነው ወይስ ወገብ ብቻ የሚይዝ? ይህንም እዩ፤ መካከል የሚቀመጠው ሰውም ሰው ነው። ትርፍ ጎማው ከመኪናው ሥር በኋላ ስለሚንጠለጠል ማውረጃው መሥራቱን፣ ክሪኩም መኖሩን አረጋግጡ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ሰባት መሆኑን ተመልከቱ፤ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት መሆኑን ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ባዶውንና ሙሉ ሲጫን ጎማው የሚፈልገውን አየር ለይቶ ይናገራል። ሙሉ ቤተሰብ ጭናችሁ ረጅም መንገድ ስትወጡ ጎማችሁን በሁለተኛው ቁጥር ሙሉ።

በመጨረሻም ገንዘባችሁን በሙሉ በመኪናው ላይ አትጨርሱ። የሕፃን መቀመጫ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ አዲስ አበባ መፈለግ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ መንገር ይኖርባችኋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ያገለገለ ከሆነ ከአደጋ የወጣ አለመሆኑን ሰጪውን ጠይቁ፣ የተሠራበትን ዓመት ከሥሩ እዩ፣ ብርቱካናማው የአውሮፓ ደረጃ ምልክት እንዳለበት ተመልከቱ። ገና ሕፃን የሆነ ልጅ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ ይቀመጥ፤ እንዲህ ያለው መቀመጫ ደግሞ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። የእኛ መቀመጫ የደረሰው መኪናው ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ለሙከራ ይዘነው የዞርነውም እርሱን ነው።